በባሪቶ ወንዝ ዳር ቤትና መሬት፦ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ማወቅ ያለብን

ኢንዶኔዥያ ብዙ ሙስሊም ሕዝብ ካላቸው የዓለም አገሮች በግንባር ቀደምነት ትጠቀሳለች። ለትምህርት፣ በትዳር ወይም በንግድ ወደዚያ የሚያቀና ሰው «የወንድሞቻችን አገር ነው፣ የገጠሩም መሬት ርካሽ ነው» ብሎ ያጠራቀመውን ገንዘብ ቤትና መሬት ላይ ሊያውል ያስብ ይሆናል። የአገሪቱ የመሬት ሕግ ግን የሚያየው ዜግነትን ነው። ይህን ሳያውቁ የሚከፈል ገንዘብ ሊመለስ አይችልም። ለአብነት የባሪቶ ኩዋላ ወረዳን እንመልከት።

አካባቢውና ሕዝቡ

ባሪቶ ኩዋላ በቦርኒዮ ደሴት፣ በደቡብ ካሊማንታን ክፍለ ሀገር ይገኛል። ዋና ከተማው ማራባሃን ነው። የባሪቶ ወንዝ ወረዳውን አቋርጦ ወደ ጃቫ ባሕር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተመረቀው የባሪቶ ድልድይ አካባቢውን በየብስ ከባንጃርማሲን ጋር አገናኝቶታል፤ ጀልባም እስካሁን የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ነው።

አብዛኛው ነዋሪ የሻፊዒይ መዝሀብን የሚከተል የባንጃር ሙስሊም ነው። የባንጃሮች ታላቅ ዓሊም ሸይኽ ሙሐመድ አርሸድ አል-በንጀሪ (1710–1812) በሐረመይን ለረጅም ዓመታት ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሲሆን፣ «ሰቢሉል ሙህተዲን» በተሰኘው የፊቅህ ኪታባቸው ይታወቃሉ። በማርታፑራ አካባቢ ቦይ አስቆፍረው መሬት በማልማትም ይዘከራሉ።

ኑሮን የሚወስነው ውሃ

ባሕሩ ሲሞላ የወንዙ ውሃ ወደ ኋላ ተገፍቶ በቦዮች በኩል ማሳ ውስጥ ይገባል፤ ባሕሩ ሲጎድል ተመልሶ ይወጣል። ገበሬው የአካባቢውን ነባር የሩዝ ዝርያ የሚያመርተው በዚህ ነው። ችግኙ ከአንድ ጊዜ በላይ ከቦታ ቦታ ተዛውሮ ይተከላል፤ ምርቱም በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል። በማሳው መካከል በተከመረ ከፍ ያለ አፈር ላይ ደግሞ ብርቱካን ይተከላል። ቤቶች «ኡሊን» በተባለ ጠንካራ እንጨት ምሰሶ ላይ ይቆማሉ።

አፈሩ በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ከበሰበሰ ዕፅዋት የተፈጠረው የአተር አፈር (ፒት) ደግሞ ሲደርቅ በቀላሉ ይቃጠላል፤ የ2015ቱ ሰደድ እሳት ለዚህ ምስክር ነው። በጥር 2021 ደግሞ ክፍለ ሀገሩ በከባድ ጎርፍ ተመትቷል። ስለዚህ ቦታውን በዝናብም በበጋም ሳያዩ ዋጋ መነጋገር ተገቢ አይደለም።

መሬት የማን ነው?

መሠረቱ የ1960ው የመሬት ሕግ ቁጥር 5 ነው። ሙሉ ባለቤትነት «ሐክ ሚሊክ» ይባላል፤ ቃሉ ከዐረብኛው «ሐቅ» እና «ሚልክ» የመጣ ነው። በአንቀጽ 21 መሠረት ይህን መብት ከግለሰቦች መካከል ሊይዝ የሚችለው የኢንዶኔዥያ ዜጋ ብቻ ነው።

ለውጭ ዜጋ የተከፈቱት መንገዶች እነዚህ ናቸው፦

• ኪራይ፦ ለመኖር ብቻ ለሚፈልግ ሰው ቀላሉና አስተማማኙ ነው።
• የመጠቀም መብት («ሐክ ፓካይ»)፦ ሕጋዊ የኢሚግሬሽን ሰነድ ላለው ሰው ለመኖሪያ ቤት ይሰጣል። በ2021 በወጣው ደንብ ለ30 ዓመት ሆኖ ለ20 ዓመት ይራዘማል፣ ከዚያም ለ30 ዓመት ይታደሳል። መንግሥት ዝቅተኛ የቤት ዋጋ ስለሚወስን ርካሹ የገጠር ቤት በዚህ መንገድ ላይገኝ ይችላል።
• ኩባንያ ማቋቋም፦ በውጭ ባለሀብትነት ለመመዝገብ ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ የኢንቨስትመንት ዕቅድ ይጠይቃል፤ ለአነስተኛ ቆጣቢ አይሆንም።

በሌላ ሰው ስም መግዛት

ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። የውጭ ዜጋው ይከፍላል፤ ሰነዱ ግን በወዳጅ ስም ይወጣል። አንቀጽ 26 ባለቤትነትን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለውጭ ዜጋ ለማስተላለፍ የሚደረግ ውልን ውድቅ ያደርጋል፤ መሬቱ ለመንግሥት ይሆናል፣ የተከፈለውም ገንዘብ አይጠየቅም። ወዳጅዎ ታማኝ ቢሆንም እንኳ ሲሞት ልጆቹ የሚያዩት የአባታቸውን ስም ነው። አማናው የነበረው በሁለት ሰዎች ልብ ውስጥ ነው፤ ሰነዱ ላይ የለም። ወዳጅነትም ውርስም በአንድ ቀን ይበላሻል።

ኢንዶኔዥያዊ የትዳር አጋር ያለውም ሰው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የንብረት መለያየት ውል ከሌለ በትዳር ውስጥ የተገዛው ንብረት የጋራ ስለሚሆን የዜጋው አጋር መብትም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2016 በሰጠው ውሳኔ ይህ ውል ከኒካህ በኋላም ሊደረግ ይችላል።

ከመክፈል በፊት

1. ከመንግሥት የመሬት መሥሪያ ቤት የተሰጠ ሰርተፍኬት መኖሩን እዚያው መሥሪያ ቤት ሄደው ያረጋግጡ። በገጠር ብዙ መሬት ያለው የመንደር ሹም የጻፈው ወረቀት ብቻ ነው፤ ይህ ከሰርተፍኬት እኩል አይደለም።
2. ቦታው በደን ክልል ወይም በወንዝ ዳር ጥብቅ መሬት ውስጥ አለመሆኑን ይጠይቁ።
3. የወቅፍ መሬት አለመሆኑን ከመንደሩ መስጂድ ኢማም ያጣሩ። በ2004ቱ የወቅፍ ሕግ ቁጥር 41 የወቅፍ መሬት አይሸጥም።
4. ውሉ ሥልጣን ባለው የመሬት ውል አዋዋይ ፊት ይፈጸም፤ በማይገባዎት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ አይፈርሙ።

በአል-በቀራህ ምዕራፍ ስለ ዕዳ የወረደው ረጅሙ አንቀጽ መጻፍንና ማስመስከርን ያስተምረናል። የሚጻፈው ግን እውነተኛው ነገር ሊሆን ይገባል። በስምዎ ሊጻፍ የማይችል መሬት ከሆነ ተከራይቶ በሰላም መኖር ይሻላል።

ወላሁ አዕለም።