የልገሳ ገንዘብ ለማን ደረሰ? የሊባኖስ ሕግ ለጠያቂው የሚሰጠው መብት

እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020 በቤሩት ወደብ የደረሰው ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሎ የከተማዋን ሰፊ ክፍል ካፈራረሰ በኋላ ከብዙ አገሮች ገንዘብ፣ መድኃኒትና ምግብ ወደ ሊባኖስ ገብቷል። የዓለም ባንክ፣ የአውሮፓ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በጋራ ባካሄዱት ግምገማ፣ በሕንፃዎችና በመሠረተ ልማት ላይ የደረሰው ጉዳት ከ3.8 እስከ 4.6 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተገምቶ ነበር። እርዳታው መድረስ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በነዋሪው ዘንድ አንድ ጥያቄ ሲነሣ ቆይቷል፦ የተሰጠው ሁሉ በማን እጅ ገባ? ለምንስ ዋለ?

ጥያቄው ጎልቶ የወጣው በትንሽ ነገር ነው። ስሪላንካ ከፍንዳታው በኋላ 1,675 ኪሎ ግራም ሻይ ለሊባኖስ ልካ ነበር። ሻይው ለፕሬዚዳንቱ ጥበቃ ክፍል ወታደሮች ቤተሰቦች መከፋፈሉን የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ሲያስታውቅ ከፍተኛ ቁጣ ተቀሰቀሰ። ሕዝቡን ያስቆጣው የሻይው ዋጋ አልነበረም። ስጦታው ለተጎጂዎች ነው ወይስ ለባለሥልጣን የሚለው አስቀድሞ በይፋ ባለመታወቁ፣ መልሱ የተሰማው ሻይው ከተከፋፈለ በኋላ መሆኑ ነው።

ይፋ ማድረግ ማለት ምን ማለት ነው?

የመንግሥት ልገሳ በይፋ ታወቀ የሚባለው አራት ነገሮች ተሟልተው ሲገኙ ነው፦ የገንዘቡ መጠን፣ የተቀባዩ ተቋም ስም፣ የተሰጠበት ዓላማና ክፍያው የተፈጸመበት ሕጋዊ መሠረት። ይህን አሠራር በመደበኛነት ከሚከተሉት አገሮች አንዷ ካናዳ ስትሆን፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶቿ ከ25,000 የካናዳ ዶላር በላይ የሆነ ልገሳና መዋጮ ለማን እንደሰጡ በየጊዜው ያሳውቃሉ። በዚያ አሠራር ልገሳና መዋጮ ይለያያሉ። ልገሳ የሚባለው ተቀባዩ መስፈርቱን ካሟላ በኋላ ዝርዝር የወጪ ሒሳብ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። መዋጮ ግን በስምምነት የታሰረ በመሆኑ፣ ተቀባዩ ሥራውንና ወጪውን ሪፖርት ያደርጋል፤ በኦዲትም ሊመረመር ይችላል።

ገንዘቡ የሚጓዝባቸው ሦስት መንገዶች

በሊባኖስ ስለ አንድ እርዳታ ለመጠየቅ የሚፈልግ ሰው፣ ገንዘቡ በየትኛው መንገድ እንደመጣ አስቀድሞ መለየት ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ከመንግሥት በጀት የሚወጣው ነው። ለምሳሌ የማኅበራዊ ጉዳዮች ሚኒስቴር ለበጎ አድራጎት ማኅበራት የሚሰጠው ድጋፍ በዚህ ውስጥ ይካተታል።

ሁለተኛው የውጭ አገር መንግሥት ወይም ሌላ ለጋሽ በቀጥታ ለሊባኖስ መንግሥት የሚሰጠው ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የመንግሥት ሒሳብ ሕግ አንቀጽ 52 እንደሚደነግገው፣ ለመንግሥት የሚሰጥ ገንዘብ ተቀባይነት የሚያገኘው በሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚወጣ ድንጋጌ ነው። ገንዘቡ በበጀት የገቢ ክፍል ይመዘገባል፤ በወጪ ክፍልም ለዓላማው ይያዛል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የመጣ ልገሳ የጽሑፍ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል።

ሦስተኛው በመንግሥት ካዝና ሳያልፍ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና በግብረ ሰናይ ማኅበራት በኩል የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የዓለም ባንክ፣ የአውሮፓ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለመልሶ ግንባታ የጋራ ማዕቀፍ ሲዘረጉ፣ ከለጋሾች የሚሰበሰበውን ገንዘብ የሚይዝ በዓለም ባንክ የሚተዳደር ፈንድም ተቋቁሟል። የዚህ ዓይነቱን ገንዘብ ሒሳብ በዋናነት መጠየቅ የሚቻለው ከለጋሹና ከአስፈጻሚው ድርጅት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮም የትኛው አገር ለየትኛው ድርጅት ምን ያህል እንደሰጠ የሚመዘግብ የክትትል አገልግሎት አለው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሊባኖስ መረጃ የማግኘት መብትን የሚደነግገውን ሕግ ቁጥር 28 ያወጣችው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 ነው። የማስፈጸሚያ ድንጋጌው በ2020 የወጣ ሲሆን፣ ሕጉ በ2021 ተሻሽሏል። ሕጉ መብቱን የሚሰጠው «ለማንኛውም ሰው» ነው፤ ለሊባኖስ ዜጎች ብቻ አልወሰነውም። ግዴታው ሚኒስቴሮችን፣ የመንግሥት ተቋማትንና ማዘጋጃ ቤቶችን ያጠቃልላል። በመሆኑም በዶራ ወይም በቡርጅ ሐሙድ የሚኖር የውጭ አገር ሠራተኛ የአካባቢውን ማዘጋጃ ቤት ስለ ሕዝብ ገንዘብ አወጣጥ የመጠየቅ መብት አለው።

ሕጉ መሥሪያ ቤቶች ሳይጠየቁም እንዲያሳውቁ ያዛል። በ2017 በወጣው ጽሑፍ መሠረት ከ5 ሚሊዮን የሊባኖስ ፓውንድ በላይ የሆነ ማንኛውም የሕዝብ ገንዘብ ክፍያ፣ ከደመወዝና ከመሰል ክፍያዎች በስተቀር፣ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ መሆን ነበረበት። ያ መጠን በወቅቱ በነበረው ይፋዊ ምንዛሪ 3,300 ዶላር ገደማ ነበር።

ጥያቄው በጽሑፍ ይቀርባል፤ የሚፈለገውም መረጃ ተለይቶ ይገለጻል። «ስለ እርዳታው ሁሉ ይነገረኝ» ከሚል ጥያቄ ይልቅ፣ በዚህ ዓመት ለዚህ ዓላማ የተከፈለው ገንዘብ መጠን፣ ተቀባዩና የክፍያው መሠረት እንዲገለጽ የሚጠይቅ ማመልከቻ የተሻለ መልስ ያስገኛል። ማመልከቻው ሲገባ ቀኑ የተጻፈበት ማረጋገጫ መቀበል ያስፈልጋል፤ መሥሪያ ቤቱ በ15 ቀናት ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበትና። ይህ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ለተጨማሪ 15 ቀናት ሊራዘም ይችላል። ጊዜው አልፎ መልስ ካልተሰጠ ዝምታው እንደ እምቢታ ይቆጠራል፤ ጠያቂውም አቤቱታውን ለብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ማቅረብ ይችላል። ኮሚሽኑ በ2020 በወጣው ሕግ ቁጥር 175 የተደራጀ ሲሆን፣ አባላቱ የተሾሙት በ2022 ነው።

ሕጉ ስላለ ብቻ መልስ ይገኛል ማለት ግን አይደለም። ጊርባል የተባለው የሊባኖስ ድርጅት በ2018 ለ133 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጥያቄ አቅርቦ፣ የመለሱለት 34 ብቻ ነበሩ።

የማይገለጸው የትኛው ነው?

የአገር መከላከያ ምስጢር፣ የንግድ ምስጢርና የግለሰቦች የግል ሕይወት በሕጉ የተጠበቁ ናቸው። ይፋ የሚሆነው ገንዘቡን የተቀበለው ተቋም ስም እንጂ የምግብ፣ የሕክምና ወይም የመጠለያ እርዳታ ያገኘችው ሴት ስም አይደለም። ይህ ልዩነት በካፋላ ሥርዓት ውስጥ ለሚሠሩ፣ በተለይም የመኖሪያ ፈቃዳቸው ለተቋረጠ ሠራተኞች ትልቅ ትርጉም አለው። የተረጂዎች ስም ዝርዝር ቢወጣ ሰዎችን ለአደጋ ያጋልጣል፤ የተቋማት ዝርዝር ግን ተረጂዎችን ይጠቅማል። በራሱ ስምና አድራሻ ማመልከት የሚያሰጋው ሰውም በሕጋዊ ማኅበር በኩል ማስጠየቅ ይችላል፤ መብቱ ለድርጅቶችም ተሰጥቷልና።

ለስደተኛ ሠራተኞች ያለው ፋይዳ

እ.ኤ.አ. በ2024 መኸር ጦርነቱ ሲባባስ በሊባኖስ 170,000 ያህል ስደተኛ ሠራተኞች እንደነበሩ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት አስታውቆ ነበር። ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩ ሴቶች ናቸው። በዚያው ኦክቶበር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለ1 ሚሊዮን ሰዎች የሚውል 426 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፤ በፓሪሱ ጉባኤም 800 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሰብአዊ እርዳታ ቃል ተገባ። በዚሁ ወቅት በርካታ መጠለያዎች የውጭ ዜጎችን እንዳልተቀበሉና ተፈናቃይ ሠራተኞች በጎዳናና በባሕር ዳርቻ እንዳደሩ በሰፊው ተዘግቧል።

በጉባኤ ቃል የተገባ ገንዘብ፣ በእርግጥ የተከፈለ ገንዘብና ለተቸገረው የደረሰ ገንዘብ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስደተኛ ሠራተኞች በእርዳታ ዕቅዶች ውስጥ በቁጥር ሲጠቀሱ፣ በእነርሱ ስም የተመደበው ስንት እንደሆነና በየትኛው ተቋም በኩል እንደተከፈለ ካልታወቀ፣ መጠለያ የተከለከለችው ሠራተኛ ማንን ተጠያቂ እንደምታደርግ አታውቅም። ክፍያው ሲገለጽ ግን የድርሻው ማነስም፣ የተቀባዩ ኃላፊነትም በግልጽ ይታያል፤ ለቀጣዩ ችግር የሚያዘው ገንዘብ ሲደለደልም የሠራተኞቹ ማኅበራት በማስረጃ ተደግፈው መከራከር ይችላሉ።