ከዘማች ስንቅ እስከ ኳስ ሜዳ፤ የቡና ጉልበት ታሪክ

እስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ዓባይ ፏፏቴ ሲወርድ የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ፣ ዛሬ ወረታ የምትገኝበትን የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ነበር። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ስለ ኦሮሞ ዘማቾች ስንቅ አንድ ቁም ነገር መዝግቧል። ዘማቾቹ ቡናውን ቆልተውና ወቅጠው በቅቤ ይለውሱታል፤ አድቦልቡለውም በቆዳ ከረጢት ይይዙታል፤ አንዷ ድብልብል ሰውን ለሙሉ ቀን ጉዞ ታቆማለች ይላል።

ይህ ስንቅ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል። ምግብ የሆነው ቅቤው ነው፤ ቡናው የሰጠው ግን ንቃትን ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ራሱ ጉልበት አይደለም፤ አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር ለአንጎል የሚያደርሰውን የድካም መልእክት ያግዳል እንጂ። ዘማቹ ዱቄቱን ስለሚበላው ከአተላ ጋር የሚደፋ ካፌይን አልነበረም። በጀበና ሲፈላ ነገሩ ሌላ ነው፤ አቦሉ ከቶናው፣ ቶናውም ከበረካው እንደሚጠነክር የማያውቅ የለም።

የሚገርመው በዚያው ዘመን በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው ተብሎ ይነቀፍ የነበረ መሆኑ ነው። ነቀፌታው የላላው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ሲጠጡና አቡነ ማቴዎስም ጥርጣሬውን ሲያስወግዱ ነው። የሆነ ሆኖ ከፎገራ ማዶ፣ በዘጌ ገዳማት ጫካ ሥር ቡና ይበቅላል፤ የአካባቢው ትውፊትም ተክሉን ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ያስገኘዋል።

ሳይንስ ጉዳዩን በሰዓት የለካው ዘግይቶ ነው። በ1978 አሜሪካዊው ዴቪድ ኮስቲልና ባልደረቦቹ 330 ሚሊ ግራም ካፌይን ያለው ቡና የጠጡ ብስክሌተኞች 90 ደቂቃ ያህል፣ ያልጠጡት ግን 75 ደቂቃ ያህል እንደጸኑ አሳዩ። ዘጠና ደቂቃ የእግር ኳስ ልክ መሆኑ ያጓጓል፤ ይሁን እንጂ ኳስ ተጫዋች እንደ ብስክሌተኛ በአንድ ወጥ ኃይል አይሠራም፤ ሲሮጥ፣ ሲቆም፣ ሲዘል ይውላል። ጥቅሙም ከሰው ሰው ይለያያል። በ1980ዎቹ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ለካፌይን የሽንት ገደብ አበጀ፤ ገደቡም በኋላ በሚሊ ሊትር 12 ማይክሮ ግራም ሆነ። በ2004 ክልከላው ተነሣ፤ ክትትሉ ግን ቀጥሏል።

እንግዲህ የቀረው የልክ ጉዳይ ነው። በጥናት የሚነገረው መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ለ70 ኪሎ ተጫዋች ከ210 እስከ 420 ይደርሳል። የአረቢካ ቡና 1.2 በመቶ ያህሉ ካፌይን ነው ብንል፣ ሁሉም ቢወጣለት እንኳ ከ18 እስከ 35 ግራም ዱቄት ያስፈልጋል። ጀበና ይህን በእኩል አይቀዳም። ክኒኑ በእኩል ይሰጣል፤ ነገር ግን ያላግባብ ማብዛት የሚቀለው በክኒን ነው፤ ልብንም ያስመታል። ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በወረታ ሜዳ ከቀኑ በ10 ሰዓት ለሚጀመር ግጥሚያ የወሰደ ጎረምሳ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹን ገና ተሸክሞ ይተኛል፤ ድካሙን የሚያወጣለት ግን እንቅልፉ ነበር።