የተራራ መውጫ ማሰሪያ፦ ጠፍሩና ዘለበቱ

ተራራ ወጪዎች በወገባቸውና በጭናቸው የሚታጠቁት ማሰሪያ፣ በተለምዶ ሃርነስ የሚባለው፣ ሰውን ከገመድ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። ገዢዎች አስቀድመው የሚመለከቱት ልስላሴውንና ክብደቱን ነው። ይሁንና ማሰሪያውን በሰውነት ላይ አጽንቶ የሚይዘው ዘለበቱ ሲሆን፣ መያዙንም የሚያስረዳው ከዘለበቱ አልፎ የሚተርፈው የጠፍር ጫፍ ነው።

የቀድሞው ዘለበት አንድ ብረት ብቻ ነው። ጠፍሩ አንድ ጊዜ ብቻ ሲያልፍበት የታሰረ ይመስላል፤ ሰው ሲራመድም አይላላም። ክብደት ሲያርፍበት ግን ሊሾልክ ይችላል። ስለሆነም ጠፍሩ ታጥፎ ዳግመኛ በዘለበቱ ውስጥ መመለስ አለበት፤ ያን ጊዜ ጭነቱ በጨመረ ቁጥር አንዱ እጥፋት ሌላውን እየተጫነ ይጠብቃል። አንዳንድ አምራቾች በዘለበቱ ላይ “አደጋ” የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ያትማሉ፤ ቃሉ የሚሸፈነው ጠፍሩ ሲመለስ ብቻ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ባለ ሁለት ብረት ዘለበት ጠፍሩ በፋብሪካ አስቀድሞ የገባበት ስለሆነ መሳብ ብቻ ይበቃዋል።

አምራቾች በአብዛኛው ትርፉ ጫፍ ከ8 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዳያንስ ያሳስባሉ። ጭነት ደጋግሞ ሲመጣና ሲለቅ ጠፍሩ በጥቂት በጥቂቱ ይንሸራተታልና፣ አጭር ጫፍ ለዚህ መጠባበቂያ የለውም። እጅግ የረዘመ ጫፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማሰሪያው ለባለቤቱ ሰፊ መሆኑን ያመለክታል። የወገቡ መታጠቂያ ከዳሌ አጥንት በላይ ጠብቆ ካልተቀመጠ፣ ተዘቅዝቆ የወደቀ ሰው ከውስጡ ሊወጣ ይችላል። ዳሌያቸው ገና ላልጎላ ሕፃናት ሙሉ ሰውነትን የሚይዝ ማሰሪያ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። የረዘመውን ጫፍ በመቀስ መቁረጥ መፍትሔ አይደለም፤ ጫፉ ታጥፎ የተሰፋው በዘለበቱ እንዳያልፍ ነው።

አደጋ ሁሉ ግን ከዘለበት አይመጣም። ዝነኛው አሜሪካዊ ተራራ ወጪ ቶድ ስኪነር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 በዮሴሚቲ ሸለቆ ወድቆ የሞተው፣ ከማሰሪያው ፊት ያለው የጨርቅ ቀለበት በአገልግሎት ብዛት አርጅቶ በመበጠሱ ነው።

ይህ የስፖርት ማሰሪያ በግንባታ ቦታ ሠራተኞች “ሴፍቲ ቤልት” ከሚሉት ጋር አንድ አይደለም። በአውሮፓ ደረጃ የስፖርቱ መለያ ኢኤን 12277 ሲሆን፣ በሥራ ላይ ከከፍታ የሚወድቅን ሰው ለመያዝ የታሰበው ባለ ትከሻ ጠፍር ሙሉ ማሰሪያ ኢኤን 361 ነው። ቁጥሩ በማሰሪያው ላይ በተሰፋው ምልክት ይነበባል።