ሳህን ፍሬንና ጉጠቱ

ጎንደር ፒያሳ፣ ከአጼ ቴዎድሮስ ሐውልት ወረድ ብሎ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች በአንዱ በር ላይ «ዲስካዊ ማቆሚያ እንሸጣለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይህንኑ ሐረግ ከወራት በፊት በአንድ የሥልጠና ጽሑፍ ላይ አይቼው፣ ከወረቀቱ አያልፍም ብዬ ትቼው ነበር። አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። ሱቅ በር ላይ የተሰቀለ ቃል ቶሎ አፍ ስለሚለምደው፣ ሳይለመድ መናገር ይሻላል።

ነገሩን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር ዝርግ ክብ ብረት አለ፤ ፍሬን ሲረገጥ ሁለት ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ጨምቀው ይይዙታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ1902 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዝግቦታል፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጃጓር ለ ማን በተባለው የመኪና ውድድር ላይ አሸንፎበት ዓለም ዓይኑን ጣለበት። ከእሱ በፊት የነበረውና እስካሁንም ባጃጆቻችንን የሚይዘው ታምቡር ፍሬን ነው። ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የወረደ ሾፌር የሁለቱን ልዩነት በእግሩ ያውቀዋል። ታምቡር ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ ሲግል ፔዳሉ ይረገጣል፣ መኪናው ግን አይታዘዝም። ዝርጉ ብረት ንፋስ ያገኘዋልና ቶሎ ይበርዳል። ስለ ነገሩ ይህ ይበቃል፤ እኔን ያስቆመኝ ስሙ ነው።

«ማቆሚያ»ን አስቀድመን እንየው። ቃሉ ከ«ቆመ» የወጣ ንጹሕ አማርኛ ነው፣ እርባታውም ስህተት የለበትም። ስህተቱ ቦታው መያዙ ነው። «የመኪና ማቆሚያ» ሲባል ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ማንም ሰው የሚረዳው መኪና የሚቆምበትን ስፍራ ነው። ማስታወቂያውን ያነበበ የገጠር ሰው መሬት የሚሸጥ ቢመስለው አይፈረድበትም። ደግሞም ፍሬን ሁልጊዜ አያቆምም። ቁልቁለት ላይ የምንፈልገው እንዲያቆመን ሳይሆን እንዲይዘን ነው፤ ሾፌሮቻችንም «ፍሬን ያዝ» እንጂ «ፍሬን አቁም» አይሉም።

«ዲስካዊ» ይብሳል። ይህች «-አዊ» ከግዕዝ የወረስናት ቅጥያ ናት፤ ኢትዮጵያዊ፣ መንፈሳዊ፣ ምድራዊ እያልን ወገንንና ጠባይን እንገልጽባታለን። አንድ ዕቃ ከምን እንደተሠራ ለመናገር ግን አማርኛ «የ»ን ይዟል፣ ወይም ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የእንጨት ድልድይ እንላለን፤ እንጨታዊ ድልድይ ያለ ሰው አላውቅም። ብረት ምጣድ እንላለን፤ ብረታዊ ምጣድ አንልም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ማንኛውም የውጭ ቃል ጭራው ላይ «-አዊ» ከተቀጠለለት አማርኛ የሆነ ይመስለናል። ይህ ቃል መፍጠር አይደለም፣ ለባዕድ ቃል ነጠላ ማልበስ ነው።

«ዲስክ» ራሱስ? ብዙ አንባቢ «ዲስክ ፍሬን ብንለው ምን አለበት?» እንደሚል አውቃለሁ፤ ከ«ዲስካዊ ማቆሚያ» ጋር ሲነጻጸር እኔም እሱን እመርጣለሁ። ነገር ግን ዲስክ በእኛ አገር አፍ ሌላ ሥራ ይዟል። እናቶቻችን «ዲስክ አለብኝ» ሲሉ የወገባቸውን ሕመም እየነገሩን ነው። የተሻለ ቃል ከጠፋ ይሁን እንላለን፤ አልጠፋም።

«ፍሬን»ን ግን አልነካም። የጣሊያን ጦር ጎንደር የገባው በ1928 ነው፤ በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻ እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ላይ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ጦሩ ወጣ፣ ቃሎቹ ቀሩ። ፒያሳ ራሷ አንዷ ናት። ፍሬን፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ሮንዴላ፤ እነዚህን ያስቀራቸው ድርጅት ወይም ጉባኤ አይደለም፣ እጁ ዘይት የነካው ሠራተኛ ነው። አፉ እንደተመቸው አሳጥሮ፣ የማይስማማውን ድምፅ ጥሎ፣ በአማርኛ ግስ አሥሮ አስቀራቸው። «ፍሬን በጠሰ» የሚለውን አባባል ጣሊያን አላስተማረንም። የሚገርመው ደግሞ የቃሉ ሥር ነው፤ የጣሊያኖቹ «ፍሬኖ» የመጣው ልጓም ከሚል የላቲን ቃል ነው። ስለዚህ ፍሬንን አውጥተን «ልጓም» እንተካ ለሚሉት መልሴ፣ ልጓሙ ዱሮም ውስጡ ነበር የሚል ነው። ከ«ገታ» የሚወጣው «መግቻ»ም ያምራል፣ ፈረስን በልጓም መግታት የቆየ አነጋገራችን ነውና፤ ግን ከሰማንያ ዓመት በላይ ያገለገለን ቃል ያለ በደሉ ማሰናበት ለቋንቋ መቆርቆር አይመስለኝም።

ታዲያ የክቡን ብረት ስም ከየት እናምጣ? አንድ ወዳጄ «ምጣድ ፍሬን» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ዝርግ ነው፣ ክብ ነው፣ ይግላል። ሳስበው ግን ምጣድ ሙቀት እንዲይዝ የሚሠራ ዕቃ ነው፣ ይህ ብረት ደግሞ ሙቀት እንዲለቅ። ሥራቸው ተቃራኒ ነው። «ዝርግ ፍሬን»ም ተብሏል፤ ይኼኛው ቅጽል ብቻ ሆኖ ቀረ፣ ብረቱን ለብቻው ሱቅ ሄዶ ለመግዛት «አንድ ዝርግ ስጠኝ» አያስኬድም።

እኔ የምይዘው «ሳህን»ን ነው። ሳህን ፍሬን። ሳህን ጎድጓዳ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ግን ጎድጓዳ ሳህንና ዝርግ ሳህን ብሎ የሚለይ ቋንቋ ሳህንን በጉድጓዱ አያውቀውም ማለት ነው። ከ«ታምቡር ፍሬን» ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥም ይስማማል፤ ሁለቱም ቤት ያፈራቸው ዕቃዎች ናቸው፣ ቅርጻቸውን ሳያይ የማይስል ሰው የለም። የዘፈኑን ክብ «ሸክላ» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ይህን «ሳህን» ለማለት አይቸገርም።

ስሙን የሞከርኩት ከቅዳሜ ገበያ አለፍ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነው። አንድ ወጣት ከቧንቧ ብረት በይዶ የሠራት ገላጣ መኪና አለችው፤ ቡጊ የሚሏት ዓይነት፣ ጣራም በርም የላትም። የፊት ጎማዎቿን ከባጃጅ ታምቡር አላቅቆ የሞተር ሳይክል ሳህን እየገጠመላቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ሳህኑስ እሺ» አለኝ፣ «ይሄንንስ ምን ይሉታል?» ሳህኑን ከሁለት ወገን አቅፎ የሚይዘውን ቤት እያሳየኝ ነው። የሥልጠናው ጽሑፍ ላይ «ካሊፐር» ብለውታል፤ በጣሊያንኛው «ፒንሳ» ነው፣ እኛም ለእጅ መቆንጠጫው የያዝነው ቃል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አንደኛው ሸራ ሳህኑን ሲነካ ሌላኛው የጣት ውፍረት ይርቀው ነበር። ወጣቱ ከማሰሪያው ሥር አንድ ሮንዴላ ጨመረ፣ ፈትቶ ሁለተኛ ጨመረ፣ ጎማውን በእጁ አሽከረከረ። አሁን ሁለቱም እኩል ቀረቡ። አንዱ ወገን ብቻ ቢይዝ ሸራው በአንድ ጎን ይበላል፣ ሳህኑም ይጎብጣል።

«ጉጠት» አልኩት። በደባርቅ መንገድ ወለቃ ላይ የነበሩት ቤተ እስራኤል አንጥረኞች የጋለ ብረት የሚይዙበት ጉጠት። እሾህ የምናወጣበት ወረንጦ አይሆንም፣ ወረንጦ ለቀላል ነገር ነው። ጉጠት ግን የጋለውን ብረት ጨብጦ የማይለቅ መሣሪያ ነው፤ የዚህ ቤትም ሥራ ያው ነው፣ የሚይዘውም ብረት ይግላል።

ወጣቱ አልመለሰልኝም፣ ቃሉን አንዴ በከንፈሩ ሞከረና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ጎማውን፣ ሳህኑንና ጉጠቱን የሚሸከመውን፣ ከመሪው ጋር የሚዞረውን ብረት አነሣ። ከመሪው የሚመጣው ዘንግ ጫፍ፣ ቴስቲኒው፣ የሚታሠረው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ «የመሪ አንጓ» እላለሁ። ሸንበቆ የሚገናኝበት፣ ጣት የሚታጠፍበት ቦታ አንጓ ነው፤ ይህም ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ነው። «መሪ» ከ«መራ» የወጣ የራሳችን ቃል ስለሆነ ሁለቱ አብረው ሲቆሙ አይጣሉም።

መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞረ። ወደ ጉጠቱ የሚሄደው የፍሬን ዘይት ጎማ አንጓው ላይ ተወጠረ፣ አራት ጣት ያህል አጠረ። «ጋሼ፣ ይቺ አንጓው ሲዞር ትበጠሳለች» አለና ረዘም ያለ ሊያመጣ ወጣ።