ፒካፕን ዝቅ ማድረግና ተሳቢ መጎተት

ፒካፕን ዝቅ ማድረግ የመኪናው አካል ለመሬት እንዲቀርብ ባሌስትራውን፣ ሞላውን ወይም የአክስሉን አቀማመጥ የሚለውጥ የጋራዥ ሥራ ነው። በአሜሪካ እንደ ፎርድ ኤፍ-250 ባሉ ከባድ ፒካፖች ላይ ይሠራል። በኢትዮጵያ የተለመደው ተቃራኒው ነው፤ ጭነት የሚበዛበት ባለመኪና ባሌስትራ ያስጨምራል። በአሶሳና በዙሪያዋም ቶዮታ ሂሉክስና ላንድክሩዘር ፒካፕ የሚፈለጉት በከፍታቸው ጭምር ነው።

ምክንያቱ መንገዱ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይወርዳል። ከአስፋልቱ ሲወጣ ቀዩ አፈር ይላቁጣል፤ ከባድ መኪና ያለፈበት ጭቃ ግራና ቀኙ ቦይ ሆኖ መሃሉ ጉብታ ይቀራል። ብዙዎች የሚስቱት ነገር እዚህ ላይ አለ። የኋላ ባሌስትራ ቢነካም ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ርቀት አይለወጥም፤ ያን የሚቀንሰው ትንሽ ጎማ መግጠም ብቻ ነው። ዝቅ የሚሉት ሻንሲው፣ ከሥሩ የተንጠለጠለው ስኮርታ ጎማና መጎተቻው ናቸው።

ርካሹ ዘዴ ከባሌስትራው አንድ ሁለት ዝርግ ብረት ማውጣት ነው፤ ለሚጎትት መኪና ግን ከሁሉም የከፋው ይኸው ነው። እኩል ውፍረት ካላቸው አምስት ብረቶች አንዱ ሲወጣ የባሌስትራው ጥንካሬ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ከታች ያለው ወፍራም ብረት ደግሞ ሥራ የሚጀምረው መኪናው ሲጫን ስለሆነ፣ ባዶውን ሲነዱት መውጣቱ አይታወቅም። ተሳቢ ሲታሰር ግን የኋላው ቁጭ ይላል።

የተሻለው መንገድ ባሌስትራውን ሳያዳክሙ ቦታ ማለዋወጥ ነው። በሂሉክስ ፎር በፎር ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ይቀመጣል፤ ከአክስሉ ሥር ሲዞር የኋላው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሊወርድ ይችላል። አክስሉ ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ ሻንሲው ተቆርጦ መጠናከር፣ የካርዳኑም ማዕዘን መታረም አለበት።

ፍሬኑም ይነካል። ኤቢኤስ በሌላቸው ብዙ የቆዩ ሂሉክሶች ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ፤ የሻንሲውን ከፍታ እየለካ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ኃይል ይመጥናል። መኪናው ዝቅ ሲል ቫልቩ የተጫነ ይመስለዋል፤ ባዶው መኪና እርጥብ መንገድ ላይ ሲፈርን የኋላ ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል። ዘንጉ እንደገና ካልተስተካከለ ሥራው አላለቀም።

በተለመደው ምጣኔ ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ያርፋል፤ 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይጭናል ማለት ነው። ባለ 50 ሚሊ ሜትር የመጎተቻ ኳስ በዓለም አቀፉ ደረጃ ሲጫን ከመሬት ከ35 እስከ 42 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ተሳቢው ፊቱን ካነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዶ መወዛወዝ ያመጣል። በአክስሉና በሻንሲው መካከል የሚገባ የአየር ከረጢት የኋላውን ያቃናል፤ አምራቹ ለአክስሉ የፈቀደውን ክብደት ግን አያሳድግም።

ዝቅ የተደረገ ፒካፕ የሚያዋጣው ከአስፋልት ለማይወጣ ባለቤት ነው። ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ ወይም ኩርሙክ ጀነሬተር ለሚጎትት ግን፣ ሥሩ ተሰንጥቆ ቢቀር የመለዋወጫ ገበያው፣ የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ፣ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የኳሱ ከፍታ ብቻ ካስቸገረው፣ መኪናውን ሳይነካ ወደ ታች የታጠፈ የመጎተቻ ብረት ቢገጥም ይበቃዋል።