የዘውድ ገቢና የምክር ቤት ድምፅ
የ1960ው የእርሻ ገቢ ግብር ታሪክ

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ይህ አባባል በፍርድ አደባባይ ላይ ሲነገር እውነትነት ቢኖረውም በግምጃ ቤት በር ላይ ግን ኃይሉ ይደክማል። ንጉሥ ሹመቱን በቃሉ ይሰጣል፣ ጦሩን በትእዛዙ ያንቀሳቅሳል፤ ገንዘቡ ግን በሌላ ሰው ጎተራና ከረጢት ውስጥ ነው። ስለዚህ የአንድን መንግሥት እውነተኛ አቋም ለማወቅ የሚሻ ሰው የዘውዱን ማዕረግ ከመመርመር ይልቅ ግብሩን ማን እንደሚፈቅድ፣ ማን እንደሚገምትና ማን እንደሚከፍል ቢመረምር ይሻለዋል። ለዚህ ምርመራ ከአገራችን ታሪክ በ1960 ዓ.ም. የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ያህል ገላጭ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ነገሩን በሚገባ ለመመዘን አስቀድሞ በዚህ ጉዳይ እንደ መለኪያ የሚጠቀሰውን የእንግሊዝን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። ቀዳማዊ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1625 ሲነግሥ ፓርላማው ለነገሥታቱ ዕድሜ ልካቸውን ይፈቅድ የነበረውን የወደብ ቀረጥ ለአንድ ዓመት ብቻ ሊፈቅድለት ፈለገ። ንጉሡ ግን ቀረጡን ያለ ፈቃድ ሰበሰበ። በ1628 ፓርላማው ያለ እርሱ ስምምነት ግብር እንዳይጣል በጽሑፍ አቤት አለ፤ ንጉሡም ሳይወድ ከተቀበለው በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ፓርላማውን በትኖ ለ11 ዓመታት ብቻውን ገዛ። በዚህም ጊዜ በጦርነት ወራት ከባሕር ጠረፍ ከተሞች ብቻ ይጠየቅ የነበረውን የመርከብ ገንዘብ በሰላም ዘመን ወደ መሀል አገር አዛወረው። ጆን ሃምፕደን የተባለው ባለርስት አልከፍልም ብሎ ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ ከ12ቱ ዳኞች 7ቱ ለንጉሡ ፈረዱ። ንጉሡ በሕግ ረታ፤ ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ሊሰበሰብለት አልቻለም። በ1642 ጦርነት ተነሣ፣ በ1649ም ቻርልስ ተከሶ በሞት ተቀጣ።

ወደ አገራችን ስንመለስ የምክር ቤቱ አመሠራረት የተለየ ሆኖ እናገኘዋለን። በእንግሊዝ ፓርላማው መብቱን ከዘውድ ጋር እየታገለ ያገኘው ሲሆን በኢትዮጵያ ግን ምክር ቤቱ ራሱ የዘውድ ስጦታ ነበር። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን ሲያቋቁም የመጀመሪያው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ፣ የሁለተኛውም በመኳንንትና በየአገሩ ሹማምንት ይመረጡ ነበር። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ አባላትን ሕዝብ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ግብርም ያለ ሕግ እንዳይጣል ደነገገ። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ለመመረጥም ንብረት ያስፈልግ ነበር። ከዚህ የተነሣ በሕዝብ ድምፅ ከገቡት ውስጥ ባለርስቱ እንጂ ጭሰኛው ቦታ አላገኘም።

በዚያ ዘመን የመንግሥት ገቢ ከየት ይመጣ ነበር? እንደሚታወቀው ከአገሪቱ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው የሚተዳደረው በእርሻ ነበር፤ ከእርሻ የሚገኘው ግብር ግን ከዚህ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በ1937 በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሠረት ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር ግብርና 35 ብር አሥራት፣ ለለም ጠፍ 10ና 30፣ ለጠፍ ደግሞ 5ና 10 ብር ይከፈል ነበር። አሥራት በስሙ ከምርት አንድ አሥረኛ ቢሆንም በተግባር በገንዘብ የተወሰነ ነበር። እዚህ ላይ ጥበቡ የቱ ላይ እንዳለ ልብ ይሏል። በብዙ ቦታ ባለመሬቱ ከጭሰኛው ሙሉውን አሥራት በእህል እየተቀበለ ለመንግሥት የሚያስገባው ያንኑ የተወሰነ ብር ነበር። የእህል ዋጋ በጨመረ ቁጥር ትርፉ የባለመሬቱ፣ ጉድለቱ የግምጃ ቤቱ፣ ሸክሙም የገበሬው ሆነ።

መሬትን መንካት አስቸጋሪ ሲሆን መንግሥት ሁሉ ዓይኑን ወደ ንግድ በር ያዞራል። ጉምሩክ ብዙ ክርክር የለበትም፤ አንድ ኬላ፣ አንድ ሚዛንና አንድ ጸሐፊ ይበቁታል። የእኛው የጋምቤላ ወደብ ለዚህ ምስክር ነው። በግንቦት 1894 በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ለእንግሊዞች በኪራይ ፈቀዱ። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡት መርከቦች ጨርቅና ጨው አራግፈው ቡና እየጫኑ ይመለሱ ነበር፤ ሱዳን በ1948 ነጻ እስከ ወጣችም ድረስ ጣቢያው በዚሁ ውል ጸና። የወደቡ ሸቀጥ እንዲህ ሲቀረጥ ከዚያ አልፎ በጊሎ ዳር ባለው በጎግ ምድር ግን የጋሻ ልክ ትርጉም አልነበረውም፤ መሬቱ በመንደርና በጎሣ የሚያዝ ነበርና። ቻርልስ በወደብ ቀረጥ ላይ የተማመነበትና መንግሥታችን በጉምሩክ ላይ የተደገፈበት ምክንያት እንግዲህ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከባለርስቱ ጋር ፊት ለፊት ላለመጋጠም የመረጡት መንገድ ነበር።

ይህ መንገድ እስከ መጨረሻው አላደረሰም። በኅዳር 1960 የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። አዋጁ አሥራትን ሽሮ በምትኩ ከእርሻ ገቢ ላይ፣ እንደ ገቢው መጠን ከፍ እያለ የሚሄድ ግብር ጣለ። በአሳቡ ረገድ ትክክለኛ ነበር፤ ብዙ የሚያገኝ ብዙ ይክፈል ማለት ነውና። ነገር ግን ረቂቁ በምክር ቤቱ ሲታይ ብርቱ ክርክር ገጠመው፤ በመጨረሻም ለባለመሬቶች በሚያቃልል አኳኋን ተሻሽሎ አለፈ። ምክር ቤቱ የዘውድን ፈቃድ እንዲህ ሲገታ ማየት የእንግሊዝን ፓርላማ ሊያስታውስ ይችል ነበር፤ ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። በዚህ ክርክር ይጠበቅ የነበረው የገበሬው መብት ሳይሆን የባለርስቱ ጥቅም ነበር።

እውነተኛው ተቃውሞ ከአዲስ አበባ ውጭ ተነሣ። የጎጃም ርስተኞች በ1937ቱ የጋሻ ክፍያ ሳይገቡ በለመዱት ሥርዓት ይገብሩ ስለነበር ገማቾች ወደ ማሳቸው ሲመጡ ነገሩን በጥርጣሬ አዩት። ዛሬ ምርት ቢገመት ነገ መሬት ይለካል፣ መሬት ከተለካም ርስት ይጠፋል ብለው ሰጉ። በሹማምንቱ አስተዳደር ላይ የነበረው ምሬትም ተጨመረበት። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬው ገማቾችን አላስገባም አለ፤ ጠመንጃም አነሣ። ጦር ተላከ፤ የአየር ኃይልም ተሰለፈ። ሆኖም ግብሩ አልተሰበሰበም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ የቆየው ውዝፍ ግብርም ተማረ። በሕግ አውጪው አዳራሽ ያለፈው አዋጅ በማሳው ዳር ወደቀ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። የባለመሬትና የጭሰኛን ግንኙነት ለማሻሻል የተዘጋጀው ረቂቅ በምክር ቤቱ እየተጓተተ ሳይጸድቅ ቀረ። «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥሪ ከ1957 ጀምሮ በምክር ቤቱ ደጅ ቢሰማም ውስጥ ያሉት አላደመጡትም። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ምክር ቤቱም አብሮ ተዘጋ፤ ከ6 ወራትም ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ የካቲት 25 ቀን፣ የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። ጥቂት ለመክፈል እንቢ ያሉት ትላልቅ ባለመሬቶች ሁሉንም አጡ።

ከሁለቱ ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት የቱ ነው? ቻርልስ በዳኞች ፊት ረትቶ በከፋዮች ፊት ተረታ። በእኛ አገርም አዋጁ በምክር ቤት ጸድቆ ሳለ በጎጃም ከፋይ አጣ። ስለዚህ የሕግ መሟላት የግብር የመጀመሪያ ደረጃ እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ገንዘብን የመፍቀድ ሥልጣን ዋጋ የሚኖረው ፈቃጁ የከፋዩ እውነተኛ ወኪል ሲሆን ነው፤ ያለዚያ ምክር ቤት ንጉሡን ቢገታም ሕዝቡን አይጠቅምም፣ ቢፈቅድም ሕዝቡን አያስከፍልም።

እኛም የማኅበራችን አባላት በጀት የምናዘጋጅ፣ ግብር የምንገምት፣ ሒሳብ የምንመረምር ሁሉ ይህን ልናስብ ይገባል። ገማቹ ወደ ማሳ ሲደርስ በእጁ የሚይዘው መዝገብ ብቻ አይደለም፤ የመንግሥትን ስም ይዞ ይቀርባል። ከፋዩ ስለምን እንደሚከፍል ሳያውቅና ስለ ግምቱ ሳይጠየቅ የተጻፈ ቁጥር በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ቢያምር ገቢ አይባልም፤ ውዝፍ ነው።