ምግብ ሲቆላና ሲጠበስ ለምን ቡናማ ይሆናል? ለጤናስ ምን ያስከትላል?

ጥሬ ቡና ምጣድ ላይ እስኪወጣ ድረስ መዓዛው አይታወቅም፤ ሲቆላ ግን ሽታው ለጎረቤት ይተርፋል። ገብስ ቆሎ ሲሆን፣ የሽሮ አተር ሲታመስና ዳቦ ቅርፊት ሲያወጣ የሚታየው የቀለምና የጣዕም ለውጥም ምንጩ ተመሳሳይ ነው።

ይህን ኬሚካላዊ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር በመሆኑ ሂደቱ በስሙ ይጠራል። የፕሮቲን መሠረት የሆኑት አሚኖ አሲዶች እንደ ግሉኮስ ካሉ ስኳሮች ጋር በሙቀት ሲዋሐዱ በርካታ የመዓዛና የጣዕም ውህዶች ይፈጠራሉ፤ በመጨረሻም ሜላኖይዲን የተባሉት ቡናማ ቀለም ሰጪዎች ይወለዳሉ። ውኃ ከ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባልበለጠ፣ በደጋ አካባቢ ደግሞ ከዚህም ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ቅቅል ድንች ይህን ቀለም አይዝም። የተላጠ ጥሬ ድንች አየር ነክቶት መጥቆሩ ግን የኢንዛይም ሥራ እንጂ የሙቀት ውጤት አይደለም።

ለውጡ ጉዳትም አለው። ምግብ ከመጠን በላይ ሲቆላ ላይሲን የተባለው ጠቃሚ አሚኖ አሲድ ይቀንሳል። የእህል ዘሮች ቀድሞውኑ በላይሲን የሚያንሱ በመሆናቸው፣ በተለይ ለሕፃናት ገንፎ የሚዘጋጅ እህል እንዳያር መጠንቀቅ ይገባል።

ሌላው ስጋት አክሪላማይድ ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በተጠበሱና በተጋገሩ ምግቦች ውስጥ መኖሩን ይፋ አድርገዋል። ውህዱ በዋናነት የሚፈጠረው አስፓራጂን የተባለው አሚኖ አሲድ ከስኳር ጋር ከ120 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት መድቦታል። ምደባው በዋናነት ከፍተኛ መጠን በተሰጣቸው እንስሳት ላይ በታየ ውጤት የተደገፈ ሲሆን፣ ከምግብ በሚገኘው መጠን በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ወጥ ድምዳሜ አልሰጡም።

ጥንቃቄው ከማሳ ይጀምራል። ድኝ በጎደለው መሬት የበቀለ ስንዴ በውስጡ ብዙ አስፓራጂን ያከማቻል፤ ስለዚህ እንደ ኤንፒኤስ ያለ ድኝ ያለው ማዳበሪያ በባለሙያ ምክር መጠቀም ከምርታማነት ባሻገር ፋይዳ አለው። ድንች በጣም በቀዘቀዘ ስፍራ ሲቀመጥ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ሲጠበስም ቶሎ ይጠቁራል። ለጥብስ የሚውል ድንች ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይገባ ብርሃን በማይነካው፣ አየር በሚዘዋወርበት መጠነኛ ቀዝቃዛ ስፍራ ቢቀመጥ ይመረጣል።

በማዕድ ቤትም የተከተፈ ድንች ከመጠበሱ በፊት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ስኳሩና አስፓራጂኑ በከፊል ታጥበው ይወጣሉ። ከዚያም ውኃውን አጠንፍፎና አድርቆ፣ ወርቃማ መልክ ሲይዝ ማውጣት ነው። ያረረ የዳቦ ቅርፊትም ተፍቆ ቢጣል ይሻላል።

ቡናን በተመለከተ አክሪላማይድ የሚበዛው በአቆላሉ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ቆላው ሲገፋ እየቀነሰ ይሄዳል። ኤጀንሲው በ2016 ባወጣው ግምገማ ቡና መጠጣትን በካንሰር አምጪነት ለመፈረጅ የሚያስችል በቂ ማስረጃ አላገኘም። ይሁንና ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ማናቸውም ትኩስ መጠጥ ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል አስታውቋል። ስለሆነም ከስኒ የተቀዳ ቡና በረድ እስኪል መታገሥ ጠቃሚ ነው።